መደቡ የተናገረው፦ ከጣና ብራና እስከ እንቁጣጣሽ ሥዕል

ሥዕል የሚመለከት ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በፊት ላይ ነው፤ ቀጥሎ በእጅና በልብስ። ከተሣሉት ሰዎች በስተጀርባ ያለውን ሜዳ፣ መደብ የሚባለውን፣ ልብ የሚል ጥቂት ነው። ነገር ግን በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች የተጠበቁትን ሥዕሎች በየዘመናቸው ደርድሮ ለሚመረምር፣ የዘመንን መለዋወጥ አጉልቶ የሚመሰክረው ይኸው ባዶ መስሎ የሚታየው ሥፍራ ነው። በባሕር ዳርና በዘጌ በትንንሽ ብራናና በወረቀት ካርድ ላይ የሚሥል ወጣት አዲስ መደብ ቢሞክር ከአባቶች ሥርዓት ወጣ ያሰኘዋልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ታሪክ ነው።

ጣና ደንገል የሚበቅልበት ሐይቅ ነው። የጥንት ግብፃውያን ከደንገል የጽሕፈት ገጽ አበጁ፤ የጣና ሰው ግን ከደንገል ታንኳውን ሠራ፤ ለመጽሐፉ የመረጠው ቆዳን ነው። ቆዳው በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ፣ በሻካራ ድንጋይ ታሽቶ ብራና ይሆናል። ይህ ሁሉ ድካም ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት የሚፈጸም ነውና፣ የመደብ ሥራ የሚጀምረው ከቀለሙ አስቀድሞ ከፋቂው እጅ ነው ማለት ይቻላል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ በተዘጋጁ ወንጌሎች ውስጥ፣ ሠዓልያኑ በአያሌው ገጽ ላይ ብራናውን ሳይቀቡ ትተውታል። የክብራን ገብርኤል ወንጌል የዚያ ዘመን ሥራ ነው፤ ከጣና አካባቢ እንደ ወጣ የሚታመነውና አሁን በኒውዮርክ የሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው ወንጌልም እንዲሁ። ቅዱሳኑ የቆሙት በምድርም በሰማይም አይደለም፤ በራሱ በቆዳው ብርሃን ውስጥ ነው። ያልተቀባው ሥፍራ ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የተመረጠ መደብ ነበር።

በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ሌላ ገጽ ተከበረ። መነኩሴው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን ያኖረበት የእመቤታችን ሥዕል በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ሥዕሉ በእንጨት ላይ የተሠራ ነው። እንጨት እንደ ብራና ቀለምን በቀጥታ አይቀበልምና አስቀድሞ በነጭ ልስን መሸፈን ነበረበት። በዚህ አኳኋን የሥዕሉ መሠረት ከቆዳ ወደ ልስን ተሸጋገረ፤ ሥዕሉም ከመጽሐፍ ወጥቶ በምእመናን ፊት ቆመ።

ጎንደር የመንግሥት መቀመጫ ከሆነች በኋላ የመጣው ለውጥ ከዚህ የበለጠ ነው። በሮም በ1591 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የዓረብኛ ወንጌል በአንቶኒዮ ቴምፔስታ የተነደፉ ሥዕሎችን ይዞ ነበር፤ እነዚህም ወደ ኢትዮጵያ ደርሰው የመጀመሪያው የጎንደር ስልት ሠዓልያን ለወንጌል ሥዕሎቻቸው አብነት አደረጓቸው። ሥዕሎቹ ግን ቀለም አልባ ሕትመቶች ነበሩ። የሰዎቹ አቋቋምና አቀማመጥ ከሮም ቢመጣም፣ ቀለሙን የሰጠው የጎንደር ሠዓሊ ነው። ዘዴውም ጥላ የሌለው፣ ጥርት ያለ፣ ደማቅ ቀለም ነበር።

በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት፣ ሁለተኛው የጎንደር ስልት ተስፋፋ። መለያው መደቡ ነው፤ ከብጫ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚደበዝዝ፣ ወሰኑ የማይለይ ኅብር። እቴጌይቱ በደቅ ደሴት ዳር ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የዚህ ዘመን ቅርስ ነው፤ እርሳቸውም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለውበታል። በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱን ግድግዳ የሚሸፍነው ሥዕል ብዙውን ጊዜ የሚሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ ጨርቁ ከጭቃው ልስን ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ጭቃው፣ ጨርቁና ቀለሙ አንድ አካል ናቸው፤ አንዱ ሲጎዳ ሁሉም ይጎዳል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ከውጭ አገር በፋብሪካ የተሠራ ሰማያዊ ቀለም ገባ። በፊት ብርቅ የነበረው ሰማያዊ በቀላሉ የሚገኝ ሆነና የመደቡ መልክ እንደ ገና ተለወጠ። ይህን ለውጥ ያመጣው ነገረ መለኮት አይደለም፤ ንግድ ነው።

በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። በዚያ ያስተማረው እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003 እ.ኤ.አ.) በኋላ ዘመኑ በተቀጠቀጠ የዛፍ ልጥ ላይ ሠራ፤ መደቡ የሥዕሉ ጀርባ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሥዕል ሆነ። አዲስ የተባለው ይህ ሐሳብ ግን የክብራን ወንጌል ሠዓሊ ብራናውን ሳይቀባ ሲተወው ካሰበው እምብዛም የራቀ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ታላቅ ሥራ ጎን አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች። መስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይና መልአክ የሣሉበትን ወረቀት ለጎረቤት ያበረክታሉ፤ ምርቃትና ሳንቲም ይቀበላሉ። በእጅ የሚሠራ የሰላምታ ካርድ በኢትዮጵያ ባህል ካለ ይህ ነው። ለብዙ ሕፃን የመጀመሪያው የመደብ ትምህርትም ይኸው ነው፤ ነጩን ወረቀት ይተወዋል ወይስ ብጫ ያለብሰዋል? በማተሚያ የተባዛው ሥዕል የእጁን ሥራ ሲተካ የሚጠፋው ውበት ብቻ አይደለም፤ ይህን የመምረጥ ልምድ ነው።

የገዳማቱ ሥዕሎችም ከአደጋ ነፃ አይደሉም። እርጥበትና ምስጥ ጨርቁን ያላቅቁታል፤ ለማደስ ተብሎ የሚደረብ ቀለምም ፊቶቹን አክብሮ መደቡን ሊደፍነው ይችላል። መደቡ ከተደፈነ ሥዕሉ የተሠራበት ዘመን ምስክሩን ያጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር መለየት ይገባል፤ አሮጌው መደብ እንዳለ ይጠበቅ፤ አዲሱ በአዲስ ገጽ ላይ ይሞከር።

ለአዲሱ ገጽ የሚሆን ነገር ሩቅ አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. አንሥቶ የጣናን ውኃ የወረረው እንቦጭ ለዓሣ አጥማጁ መከራ ሆኗል፤ በባንግላዴሽ ግን ከዚሁ አረም በእጅ ወረቀት ይሠራል፤ ለሰላምታ ካርድም ይውላል። እንቦጩን ይህ ብቻ አያጠፋውም፤ ሐይቁንም አያድነውም። ነገር ግን ከፍየል ቆዳ ብርሃን ያወጡ አባቶች ልጆች፣ ሐይቁን ካስጨነቀው አረም መደብ ቢያበጁ፣ ሥራቸው ከሥርዓት መውጣት ሳይሆን ሥርዓቱን መቀጠል ነው።