በቁማር የሚተዳደረው ማን ነው?



ከጥቂት ወራት በፊት ልደታ በምኖርበት ሰፈር ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ በልጅነቱ ቁርኣን ያስቀራሁት አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። ከመስጊዱ በር ወጣ ብለን ቆምን። ስልኩን አውጥቶ በኢንተርኔት የሚጫወቱትን ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ አሳየኝና እንዲህ አለ፦ «ውጭ አገር ያለ አንድ ጓደኛዬ ሥራውን ትቶ በዚህ ብቻ ነው የሚተዳደረው። ሐራም መሆኑን አውቃለሁ፣ እሱን አይደለም የምጠይቅዎት። እውነት ሰው በዚህ መኖር ይችላል?»

«ሐራም ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ነገር ግን ልጁ ይህን እኔው ራሴ አስተምሬዋለሁ። እያወቀም ገብቶበታል። ያላወቀው ሒሳቡንና ታሪኩን ነው። ስለዚህ ጊዜ ስጠኝ ብዬው ያነበብኩትንና ያሰላሁትን ቆይቼ ነገርኩት። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል፤ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ ዛሬ በብዙ ቤት ውስጥ ሳይነገር ያለ ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከጥንቱ እንጀምር። ቁርኣን ቁማርን የሚጠራበት «መይሲር» የሚለው ቃል ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት «ዩስር» ማለትም ቅለት ከሚለው የመጣ ነው። ያለ ድካም በቀላሉ የሚገኝ ገንዘብ ማለት ነው። ከእስልምና በፊት የነበሩት ዐረቦች መይሲርን የሚጫወቱት በብዛት በክረምት፣ ችግር በሚጠናበት ወቅት ነበር። ግመል ይገዙና ያርዳሉ፤ ሥጋውን ይመድባሉ። ከዚያም አሥር ቀስቶች በአንድ ከረጢት ውስጥ ይጨመራሉ። ሰባቱ ዕጣ ያላቸው ናቸው፤ «አል-ፈዝ» የተባለው አንድ ዕጣ፣ «አት-ተውአም» ሁለት፣ እንዲህ እያለ «አል-ሙዐልላ» እስከተባለው ባለ ሰባት ዕጣ ድረስ። ሦስቱ ግን ባዶ ነበሩ። ባዶ ቀስት የወጣበት ሰው የግመሉን ዋጋ ይከፍላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ያሸነፉት ሰዎች ሥጋውን አይበሉትም ነበር። ለድሆች ይሰጡት ነበር፤ ይህም የቸርነት ክብር ነበር። በጨዋታው የማይገባውን ሰው «በረም» ብለው ስስታም እያሉ ይሰድቡት ነበር። እንግዲህ የዚያ ዘመን ቁማርተኛ ቢያንስ በረሀብ ወቅት ችግረኛን ያበላ ነበር ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 219 ስለ አስካሪ መጠጥና ስለ ቁማር ሲናገር በሁለቱም ውስጥ ለሰዎች ጥቅም መኖሩን አልካደም፤ ኃጢአታቸው ግን ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ አስታወቀ። በኋላም በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 90 እና 91 ፈጽሞ እንዲርቁት አዘዘ፤ ምክንያቱንም ነገረን፦ በሰዎች መካከል ጠላትነትን ይዘራል፣ ከአላህ ማስታወስና ከሶላትም ያዘናጋል። ድሃ ያበላ የነበረው ቁማር ከተከለከለ፣ የዛሬው ማንን ሊያበላ ነው?

አንዳንድ ወጣቶች «አቡበክርም (ረ.ዐ.) ተወራርደዋል» ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው። ፋርሶች ሮማውያንን ባሸነፉ ጊዜ የሮማውያንን ዳግም ድል የሚያበስረው የሱረቱ ሩም አንቀጽ ወረደ፤ አቡበክርም ከመካ ሙሽሪኮች ጋር በዚሁ ተወራረዱ። ቲርሚዚ ዘግበውታል፤ ይህም ውርርድ ከመከልከሉ በፊት የነበረ መሆኑ በዘገባው ተጠቅሷል። ያሸነፉትንም ለሰደቃ እንዲያውሉት መታዘዛቸው በአንዳንድ ዘገባዎች ይገኛል። የአላህ ቃል ኪዳን በእጁ ይዞ የተወራረደ ሰው እንኳ በዚያ ገንዘብ ቤት አልሠራበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሒሳቡን ነገር እንመልከት። በአውሮፓ የዕድልን ሒሳብ ቀድመው ከጻፉት አንዱ ጣሊያናዊው ሐኪም ጂሮላሞ ካርዳኖ ነው (እ.ኤ.አ. 1501–1576)። የዛር ጨዋታን ስሌት የጻፈበት መጽሐፍ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1663 ታተመ። ይህ ሰው ስሌቱን ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ የተሻለ ያውቅ ነበር። ሆኖም ስለ ራሱ ሕይወት በጻፈው ላይ ከ40 ዓመት በላይ በሰንጠረዥ፣ 25 ዓመት ያህል ደግሞ በዛር ሲቆምር መኖሩን፣ ሀብቱንና ጊዜውንም እንደበላበት በጸጸት ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1654 ደግሞ ፓስካልና ፌርማ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን በተቋረጠ ቁማር የተያዘው ገንዘብ እንዴት መከፈል እንዳለበት በደብዳቤ ተጻጽፈው ይህን ዕውቀት አሳደጉት። ይህን ዕውቀት አጥብቆ የያዘው ግን ተጫዋቹ አይደለም፤ የቁማር ቤቱ ባለቤት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም ነው። የእንቁጣጣሽ ሎተሪና ቶምቦላ በየቤቱ የታወቁ ስሞች ሆኑ። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጣለ። በ2010ዎቹ ዓ.ም የእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች በየሰፈሩ ተስፋፉ፤ በልደታም ቢሆን ቀድሞ ምግብ ቤትና ፀጉር ቤት በነበሩበት ቦታ ወጣቶች ቲኬት ይዘው ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው ማየት የተለመደ ሆነ። በ2015 ዓ.ም የአዲስ አበባ አስተዳደር በርካታ የውርርድ ቤቶችን አሸገ። ይሁን እንጂ ጨዋታው አልጠፋም፤ ከቤቱ ወጥቶ በኪሳችን ወዳለው ስልክ ገባ። ቤት ይታሸጋል፤ ኪስ ግን አይታሸግም።

ልጁ «አሥር ጨዋታ ደርድሬ 100 ብር ብይዝ ወደ 47 ሺህ ብር ይደርሰኛል» ብሎኝ ነበር። አብረን አሰላነው። እያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት እኩል ዕድል ያለው ይሁንና ቤቱ ለአንዱ 1.85 እጥፍ ይክፈል እንበል። ትክክለኛው ዋጋ 2 ነበር፤ በአንዱ ጨዋታ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አሥሩ ሁሉ የመውጣታቸው ዕድል ግን ከ1,024 አንድ ነው። ስለዚህ ለ100 ብር ተገቢው ክፍያ 102,400 ብር መሆን ነበረበት። 1.85 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ ግን 470 ገደማ ነው፤ ማለትም 47,000 ብር ያህል። ከተገቢው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳይታይ ቤቱ ጋ ቀረ። ግብሩ ገና አልተነሣም። ብዙ ጨዋታ በደረደረ ቁጥር ትልቅ ገንዘብ የሚያገኝ የሚመስለው ወጣት፣ በደረደረ ቁጥር ለቤቱ የሚተወውን እያበዛ ነው።

«ፖከር ግን ይለያል፣ ችሎታ ይጠይቃል» አለኝ። ይህም እውነትነት አለው፤ ሐቁን መደበቅ አያስፈልግም። በፖከር ሰው የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ሳይሆን ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ነው። ጠንካራው ደካማውን ያሸንፋል። ቤቱ ደግሞ በየጨዋታው ከተያዘው ገንዘብ ቅንጣቢ ይወስዳል። ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ይዘው ተቀመጡ እንበል። በእያንዳንዱ ዙር 200 ብር ቢያዝና ቤቱ 5 በመቶ ማለትም 10 ብር ቢወስድ፣ በሰዓት 30 ዙር ቢጫወቱ ቤቱ በሰዓት 300 ብር ወሰደ። በ20 ሰዓት ውስጥ 6,000 ብር ይሆናል። የስድስቱም ገንዘብ አለቀ ማለት ነው! አንዱ ጎበዝ ሆኖ አትርፎ እንዲነሣ ከተፈለገ፣ ሌሎቹ ከኪሳቸው ደጋግመው እያወጡ መጨመር አለባቸው።

ዓለምን ወደዚህ ጨዋታ የጎተተው የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ ነው። ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ100 ዶላር ባነሰ ገንዘብ በኢንተርኔት በተደረገ ማጣሪያ አልፎ በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዓለም የፖከር ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ይህን የሰማ ወጣት ሁሉ ሥራውን ለመተው ተመኘ። ነገር ግን በዚያ ውድድር 839 ሰዎች ገብተው ነበር፤ የመግቢያው ዋጋ 10,000 ዶላር ነበር። ገንዘብ ይዘው የወጡት 63ቱ ብቻ ናቸው። የ776ቱን ሰዎች ስም ማን ያውቃል? ታሪክ አሸናፊውን ጽፎ ተሸናፊዎቹን ስለሚረሳ፣ ወጣቱ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው።

ጨዋታውን አሸንፈውም ቢሆን ያልበሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2011 የአሜሪካ መንግሥት በታላላቆቹ የኢንተርኔት ፖከር ድርጅቶች ላይ ክስ መሠረተ። ከእነዚህ አንዱ ፉል ቲልት የተባለው ነበር። ዐቃቤ ሕጎቹ እንዳስታወቁት፣ ድርጅቱ በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ ላይ ለተጫዋቾች ወደ 390 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ሲኖርበት በባንክ የነበረው 60 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። «አሸንፌያለሁ» ብሎ ቁጥር በስልኩና በኮምፒውተሩ ላይ ሲያይ የነበረ ሰው ገንዘቡን ለማግኘት ዓመታት መጠበቅ ግድ ሆነበት።

ላስ ቬጋስን ካነሣን ዘንድ፣ በዚያች የቁማር ከተማ በርካታ ወገኖቻችን ይኖራሉ። የአካባቢው አስተዳደር አንዱን ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞላቸዋል። ልጆቻቸውን ያሳደጉትና ለእናት ለአባት ገንዘብ የላኩት በምን ነው? ታክሲ ነድተው፣ ሆቴል ውስጥ ሠርተው፣ ምግብ ቤት ከፍተው ነው። የቁማር ቤት ሥራ ራሱን የቻለ የፊቅህ ጥያቄ አለበት፤ ወደዚያ አልገባም። እኔ የምለው፣ በቁማር ከተማ መካከል የሚኖረው ሰው እንኳ ኑሮውን የመሠረተው በላቡ እንጂ በዕጣ አለመሆኑን ነው።

ታዲያ ሰው በፖከር መኖር ይችላል ወይ? ለልጁ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ «አዎን፣ ጥቂቶች ይኖራሉ። ነገር ግን እነሱ የሚበሉት ከሰማይ የወረደ ሲሳይ አይደለም። ነጋዴ ሲያተርፍ ገዢው ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ገበሬ ሲሸጥ የገዛው እንጀራ ይበላል። ሸማኔው ሲከፈለው ከፋዩ ይለብሳል። ቁማርተኛ ሲያሸንፍ ግን ተሸናፊው ባዶ እጁን ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ስለዚህ ‹መኖር እችላለሁ ወይ› ብለህ አትጠይቅ፤ ‹የማንን ልጅ እራት ነው የምበላው› ብለህ ጠይቅ።»

ዝም አለ። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ያልጠበቅኩትን ነገረኝ። እህቱ በዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ለእናታቸው ሕክምናና ለቤት ኪራይ የምትልከው ገንዘብ የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው። በሰባት ወር ውስጥ ከ40 ሺህ ብር በላይ አጥፍቷል። እናቱ «ዘንድሮ ልጄ ጨከነችብኝ» እያለች በእህቱ ታዝናለች። ጠላትነትን ይዘራል የተባለውን አንቀጽ ስንት ጊዜ ቀርቼ አስቀርቼዋለሁ፤ ትርጉሙን በዚያች ምሽት እንደገና ተማርኩት። እናት በልጇ ላይ የያዘችው ቅሬታ ከአንዲት ስልክ ነው የተዘራው።

የነገርኩት ሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ ተውበት ያድርግ። ሁለተኛ የእህቱ ሐቅ በተውበት ብቻ ስለማይሰረይ ይክፈላት። ሦስተኛ ለእናቱ ራሱ ይንገራት። የመጨረሻው ከሁሉም ከበደው። ለመናገር ሦስት ሳምንት ወሰደበት። ዛሬ መርካቶ ከአንድ ዘመዱ ሱቅ ዕቃ እያወረደና እየጫነ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየመለሰ ነው። ዕዳው ገና ብዙ ነው። እህቱ ገና አልሰማችም፤ እሷን መጋፈጥ የእሱ ፈንታ ነው።

አቡ ዳውድ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ከአንሷር አንድ ሰው ሊለምን ወደ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ቤቱ ያለውን ጠየቁት፤ አንድ ልብስና አንድ የውኃ ዕቃ ብቻ ነበረው። ሁለቱን አስመጥተው በሶሓቦች መካከል በጨረታ በሁለት ዲርሃም ሸጡለት። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ እንዲገዛ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲያመጣ አዘዙት። እጀታውን በተከበረው እጃቸው ገጥመውለት እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥ፣ 15 ቀንም እንዳያዩት ነገሩት። ሲመለስ አሥር ዲርሃም ይዞ ነበር። ሁለት ዲርሃም አሥር ሆነ፤ እንጨቱን የገዙትም ምድጃቸውን አነደዱበት። ማንም አልተበላም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ስልክ ላይ አቀርቅረው ሲያመሹ «ምን እያየህ ነው?» ብሎ በቁጣ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ቁጭ ብለን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሐራም መሆኑን ሰምተዋል፤ ማን እንደሚበላና ማን እንደሚበላበት ግን ላያውቁ ይችላሉ። ሥራ ላጣውም ምክር ብቻ ሳይሆን መጥረቢያ እንፈልግለት።

አላህ ሐላሉን አብቃቅቶ ከሐራም ያብቃቃን። አሚን። ወላሁ አዕለም።