የሕፃናቱን ቤት ማን መራው? የሳን ሎሬንዞ ታሪክ

ስለ መዋዕለ ሕፃናት ታሪክ በሚነሣበት ሁሉ የማሪያ ሞንቴሶሪ ስም ቀድሞ መጠራቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ስማቸውን በዓለም ላይ ያስጠራው የመጀመሪያው ቤት ከሐኪሟ እጅ ከመግባቱ በፊት በአንድ መሐንዲስ የሒሳብ መዝገብ ላይ የተጀመረ ነበር። በሩ ከተከፈተም በኋላ ከጧት እስከ ማታ ሸክሙን የተሸከሙት ሌላ ሴት ነበሩ። ቤቱ የቆመው በሦስት ሰዎች አመራር ሲሆን፣ ከሦስቱ ሁለቱ ዛሬ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ሰው ነው። የመሐንዲሱ ድርሻማ በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ እንኳ እምብዛም አይታወቅም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከሕፃናት ሳይሆን ከግንባታ ነው። ሮም በ1870 በኢጣልያ ጦር ከተያዘችና በ1871 የተባበረችው አገር ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ፣ ከየአውራጃው ለሚጎርፈው ሕዝብ መኖሪያ ለማዘጋጀት የግንባታ ሩጫ ተጀመረ። ከ1884 እስከ 1888 ባለው ጊዜ ሩጫው ወደ እብደት ተለወጠ። ከጥንቱ የከተማ ግንብ ውጪ፣ በትልቁ መካነ መቃብርና በባቡር ሐዲዱ መካከል በሚገኘው በሳን ሎሬንዞ ሠፈር፣ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ስለ ውኃ፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ አየርና ስለ ብርሃን ብዙም ሳይታሰብ እየተጣደፉ ተሠሩ። ብድሩ ሲደርቅ ተቋራጮቹ ከሰሩ። በርና መስኮት ያልተገጠመላቸው፣ ግድግዳቸው ብቻ የቆመ ሕንፃዎች ባዶ ቀሩ፤ ኋላም ቤት አልባውና ከሕግ የሸሸው ገባባቸው። ስድስትና ሰባት ክፍል ያለውን ቤት አንዱ ይከራይና ክፍሎቹን፣ አልፎም የየክፍሉን ማዕዘን ለሌሎች ያከራይ ነበር። ከሥራው ችኮላ የተረፈውን የንጽሕና ጉድለት የነዋሪው ብዛት አባባሰው።

በዚህ ሠፈር ብዙ ሕንፃዎችን የያዘው የሮም የማይንቀሳቀስ ንብረት ተቋም የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ዋና ዲሬክተሩ መሐንዲስ ኤድዋርዶ ታላሞ ነበሩ። ተቋሙ በሳን ሎሬንዞ ብቻ 58 ሕንፃዎች ነበሩት፤ በነዚህም ውስጥ ከምድር ቤቶቹ ሌላ 1600 ትናንሽ መኖሪያዎች ይገኙ ነበር። ታላሞ መጀመሪያ ያደረጉት የመሐንዲስን ሥራ ነው። የሕንፃዎቹን መሐል ያፈኑትን ግንባታዎች አፍርሰው ግቢ አወጡ፤ አየርና ብርሃን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ሰፋፊዎቹን ቤቶች ከአንድ እስከ ሦስት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ወዳላቸው መኖሪያዎች ከፋፈሉ። አንድ ቤተሰብ ሊከፍለው የሚችለውን ያህል ቤት ሲያገኝ በኪራይ ላይ ኪራይ የመደረቡ ልማድ ምክንያቱን አጣ። እስከዚህ ድረስ ማንም ጠንቃቃ መሐንዲስ የሚያደርገው ነው። ቀጥሎ የመጣው ችግር ግን በንድፍ ወረቀት የሚፈታ አልነበረም።

አባትና እናት ለሥራ ሲወጡ፣ ለትምህርት ያልደረሱት ልጆች በሕንፃው ውስጥ ብቻቸውን ይቀሩ ነበር። አዲስ የተቀባውን ግድግዳ ይሞነጫጭራሉ፣ ደረጃውን ያቆሽሻሉ፣ እጃቸው የደረሰበትን ሁሉ ይነቃቅላሉ። ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ በየጊዜው የሚመለስ ወጪ ሆነ። የታላሞ አሳብ ቀላል ነበር፦ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ አስቀድሞ ለልጆቹ ጥበቃ ቢውል፣ ኩባንያው አይጎዳም፤ ቤተሰቦቹ ይጠቀማሉ። ስለዚህ በየሕንፃው አንድ ክፍል ተለይቶ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆኑት ልጆች እንዲሰበሰቡበት፣ አንዲት መምህርትም እንድትቀጠርላቸው ወሰኑ። በሳን ሎሬንዞ ብቻ አሥራ ስድስት እንዲህ ያሉ ቤቶች የመክፈት እቅድ ነበራቸው። ኩባንያው ትርፍ የሚጠብቁ ባለ አክሲዮኖች የነበሩት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የሕፃናቱ ቤት ግን ከወላጆች የተለየ ክፍያ አይጠይቅም፤ ወጪው ከሚከፈለው ኪራይ ላይ ይሸፈናል። በዚህም ምክንያት ተከራዮቹ ቤቱን የራሳቸው ንብረት አድርገው እንዲቈጥሩት ይነገራቸው ነበር።

የዚህ ዓይነቱን አሳብ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መንቀፍ ይቻላል፤ ልጁ የታሰበው ለግድግዳው ሲባል ነውና። ነገር ግን ስለ ድኾች ልጆች ብዙ የተዛኑ ንግግሮች በሚደረጉበት ዘመን፣ ቋሚ የገንዘብ ምንጭ ያገኘው ይህ ቀዝቃዛ ሒሳብ መሆኑም መታወቅ አለበት። የምጽዋት ገንዘብ ለጋሹ ሲሰለች ይቆማል። የጥገና በጀት ግን ሕንፃው እስካለ ድረስ ይኖራል።

ታላሞ በ1906 መጨረሻ ላይ ሥራውን እንዲያደራጁላቸው የጠየቁት ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪን ነው። በ1870 የተወለዱት ሞንቴሶሪ በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው፣ የአእምሮ እድገታቸው ወደ ኋላ ከቀረ ልጆች ጋር ሠርተዋል። የፈረንሳዮቹን የኢታርንና የሴጋንን ጽሑፎች አጥንተው፣ ለነዚያ ልጆች የተዘጋጁት መሣሪያዎች ጤናማ ልጆችን እንዴት እንደሚያስተምሩ ለመፈተን ይመኙ ነበር። በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂ ያስተምሩ ስለ ነበር ቀኑን ሙሉ በሳን ሎሬንዞ ሊውሉ አይችሉም። የወሰዱት የበላይ መሪነቱን ነው። መሐንዲሱ ቦታውንና ገንዘቡን፣ ሐኪሟ አሳቡን ይዘዋል፤ ነገር ግን ከልጆቹ ጋር የሚውል ሰው ገና አልተገኘም።

ቤቱ በቪያ ዴዪ ማርሲ ቁጥር 58 እሑድ ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ተከፈተ፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1899 ዓ.ም.፣ የገና ዋዜማ መሆኑ ነው። ከሃምሳ የሚበልጡ ልጆች ተሰበሰቡ፤ አብዛኞቹ የፈሩና የሚያለቅሱ ነበሩ። ኃላፊነቱ የተሰጠው ለመምህርት ካንዲዳ ኑቺቴሊ ነበር። “የሕፃናት ቤት” የሚለውን ስም ያወጡት የሞንቴሶሪ ወዳጅ ወይዘሮ ኦልጋ ሎዲ ናቸው።

በመሥራቾቹ ውሳኔዎች ውስጥ ትልቁ፣ ከእንጨት መሣሪያዎቹም ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው፣ ኃላፊዋ በዚያው ሕንፃ ውስጥ እንድትኖር መደረጉ ነው። መምህርት በመደበኛው ትምህርት ቤት ደወል ሲደወል መጥታ ደወል ሲደወል ትሄዳለች፤ የተማሪውን እናት የምታውቃት ቢበዛ በዓመት አንድ ቀን ነው። የሳን ሎሬንዞዋ ኃላፊ ግን ከምታስተምራቸው ልጆች ወላጆች ጋር አንድ ደረጃ ትወጣለች፣ በአንድ ግቢ ትገባለች። በደንቡ መሠረት እናቶች ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ከኃላፊዋ ጋር ተገናኝተው ስለ ልጃቸው ጠባይና ስለ ቤታቸው አያያዝ መነጋገር ነበረባቸው። እርሷም ምክር በተፈለገች ጊዜ እምቢ ማለት አትችልም። እንዲህ ያለ ሥራ የሚያልቅበት ሰዓት የለውም። ጎረቤትም፣ አስተማሪም፣ የቤቱ ባለቤት ወኪልም መሆን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በግንባታ ሥፍራ አድሮ ሠራተኛ የመራ ሁሉ በመጠኑ ሊገምተው ይችላል።

ደንቡ ሌላም ፊት ነበረው። ገላው ሳይታጠብ ወይም ልብሱ ቆሽሾ የመጣ ልጅ፣ የማይታረም ሆኖ የተገኘ ልጅ፣ እንዲሁም ወላጆቹ ለኃላፊዎቹ ተገቢውን አክብሮት የነፈጉ ወይም በመጥፎ ጠባያቸው የትምህርቱን ሥራ የሚያበላሹ ልጅ ከቤቱ ይባረራል። የንጽሕናው ትእዛዝ ለብዙ ቤተሰብ ጠቅሟል ማለት ይቻላል። ነገር ግን እናቱ ልታጥበው ጊዜ ያጣች ልጅ ከማንም ይልቅ ቤቱ የሚያስፈልገው እርሱ አልነበረምን? በወላጁ ጥፋት የሚቀጣውስ ልጅ ምን አደረገ? መሥራቾቹ ኃላፊነትን ለማስተማር እንዳወጡት አይካድም። ይሁንና ደንቡን በተከራዮቹ ላይ የሚያጸናው ያው ኪራይ የሚሰበስበው ኩባንያ እንደ ነበረ፣ ውሳኔውን በልጁ እናት ፊት የምትናገረውም በዚያው ደረጃ የምትወጣው መምህርት እንደ ነበረች አይረሳ።

የሒሳብ አያያዙ ደግሞ ማንም ያላሰበው ውጤት አመጣ። ቤቱ በመንግሥት ዘንድ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ ወጪው በኩባንያው ጠቅላላ ወጪ ውስጥ ይመዘገብ ነበር። በዚህ ርእስ የትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበርና ጠረጴዛ መግዛት አይቻልም፤ የሚቻለው ለቢሮ የሚሆን ተራ የቤት ዕቃ ነው። ልጆቹን በረድፍ አስሮ የሚያስቀምጠው ወንበር ባለመኖሩ ከቦታ ወደ ቦታ ለመንቀሳቀስ ነፃ ሆኑ። ኋላ “የሞንቴሶሪ ዘዴ” ከተባለው አንዱ ክፍል፣ ልጁ በክፍሉ ውስጥ እንደ ልቡ የሚመላለስበት ልማድ፣ በከፊል የተወለደው ከአንድ የሒሳብ ርእስ ነው።

መሣሪያዎቹ የሚቀመጡት ቁልፍ ባለው ትልቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ ማከፋፈልና መልሶ መሰብሰብ የመምህርቷ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ጧት መምህርቷ ዘግይተው ደረሱ፤ በዋዜማውም ቁም ሣጥኑን ሳይቈልፉ ሄደው ነበር። ሲገቡ ልጆቹ በሩን ከፍተው፣ የየራሳቸውን መርጠው እየወሰዱ አገኟቸው። መምህርቷ ነገሩን እንደ ስርቆት ቈጥረው ልጆቹ መቀጣት እንዳለባቸው ተናገሩ። ሞንቴሶሪ ግን ልጆቹ ዕቃዎቹን ለይተው ማወቃቸውንና መምረጥ መቻላቸውን አዩበት። ከዚያ በኋላ ትልቁ ቁም ሣጥን ቀርቶ፣ ልጅ በቁመቱ የሚደርስባቸው ዝቅተኛ ሣጥኖች ተሠሩ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሐኪሟን አስተዋይነት ለማሳየት ነው፤ እውነትም አስተዋይነት ነው። ነገር ግን ለተቈለፈው ዕቃ የሚጠየቀው ማን እንደ ነበረ ሲታሰብ፣ የመምህርቷ ቁጣም ያለ ምክንያት አልነበረም። አንዲት ሴት ለሃምሳ ልጆችና ለአንድ ኩባንያ ንብረት በአንድነት ኃላፊ ነበረች።

ባለሀብት ለሠራተኛ ልጆች ቤት ሲከፍት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ91 ዓመት በፊት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1816፣ ሮበርት ኦወን በስኮትላንድ በኒው ላናርክ ጥጥ ፋብሪካቸው አጠገብ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ መራመድ የጀመሩትን ሕፃናት ሳይቀር ተቀብለዋል። አብረዋቸው የነበሩት ባለ ገንዘቦች ከካፒታላቸው በዓመት 5 ከመቶ ብቻ ለመቀበል ተስማምተው ነበር። ኦወን ለሕፃናቱ የመረጡት የተማረ ሰው አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ እንደ ነገሩ የሚችለውን ሸማኔ ጄምስ ቡካናንን እና ሞሊ ያንግ የተባለችውን የ17 ዓመት ልጃገረድ ነው። ትእዛዛቸውም ልጅ እንዳይመታና እንዳይዛትበት ነበር። ቡካናን በ1818 ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ለመክፈት ወደ ለንደን ተወሰደ። ኦወን ራሳቸው ስለ ሃይማኖት ትምህርት፣ ስለ ዘፈንና ስለ ጭፈራ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተጋጭተው፣ በ1824 ወደ አሜሪካ ተጓዙ። የገንዘቡ ባለቤትና የአሳቡ ባለቤት አንድ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ሌሎቹ ባለ ገንዘቦች ሲቃወሙ አመራሩ አልጸናም።

በሳን ሎሬንዞም ጅማሬው ፈጣን ነበር። ሁለተኛው ቤት በዚያው ሠፈር አፕሪል 7 ቀን 1907 ተከፈተ። ኖቬምበር 4 ቀን 1908 ደግሞ በፕራቲ ዲ ካስቴሎ፣ በቪያ ፋማጎስታ፣ የድኾች ሳይሆን የመካከለኛው መደብ ቤተሰቦች በሚኖሩበት ዘመናዊ ሕንፃ ውስጥ ሌላ ቤት ተከፈተ። ልጅን ከግድግዳ ለማራቅ የታሰበው ነገር ኪራይ የሚያስወድድ ጌጥ ወደ መሆን መቃረቡን ከዚህ መገመት ይቻላል። ጋዜጠኞችና የውጭ አገር እንግዶች ሳን ሎሬንዞን ለማየት ሲጎርፉ፣ ዝናው የሐኪሟ ሆነ። ኩባንያው የሕንፃው ባለቤት ነው፤ ሞንቴሶሪ የዘዴው ባለቤት ናቸው፤ በሩን የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣን የማን እንደሆነ ግን በጽሑፍ የተወሰነ አይመስልም። በመሐንዲሱና በሐኪሟ መካከል የነበረው የሥራ ኅብረት ብዙ ዓመት አልቆየም።

በሚላኖ ነገሩ በሌላ መንገድ ተሠራ። ኡማኒታሪያ የተባለው ማኅበር ፕሮስፔሮ ሞይዜ ሎሪያ የተባሉ ባለጸጋ ባወረሱት ሀብት የቆመ፣ ትርፍ የማይፈልግ ድርጅት ነበር። ይኸው ማኅበር በቪያ ሶላሪ ባሠራቸው የሠራተኛ መኖሪያዎች ውስጥ ኦክቶበር 18 ቀን 1908 የሕፃናት ቤት ከፍቶ፣ አመራሩን ለአና ማሪያ ማኬሮኒ ሰጠ። የማኅበሩ የሙያ ማሠልጠኛ አውደ ጥናቶች መሣሪያዎቹን በራሳቸው ያመርቱ ጀመር። እዚህ የቤቱ ባለቤትና የቤቱ ዓላማ አይጋጩም። ማኬሮኒም ለረጅም ዘመን የሞንቴሶሪ የቅርብ የሥራ ባልደረባ ሆነው ቀሩ፤ ስማቸውም ከኑቺቴሊ ይልቅ ይታወቃል።

ሞንቴሶሪ የሥራውን መሠረት የሚገልጸውን መጽሐፋቸውን በ1909 በቺታ ዲ ካስቴሎ አሳተሙ። መጽሐፉ የተበረከተው ላስተናገዷቸውና ላበረታቷቸው ለባሮን ሊዮፖልዶ ፍራንኬቲና ለባለቤታቸው ለአሊስ ነው። በ1912 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በአሜሪካ በሰፊው ተነበበ። መሐንዲስ ታላሞ በመጽሐፉ ውስጥ ሥራውን እንዲያደራጁላቸው ሐኪሟን እንደ ጋበዙ ሰው ይነሣሉ። የካንዲዳ ኑቺቴሊ ስም የሚገኘው የመጀመሪያው ቤት በአደራ የተሰጠው ለእርሳቸው መሆኑንና በሐኪሟ መሪነት ሥራውን ማካሄዳቸውን በሚናገረው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።