ከልውውጥ ትምህርት በኋላ የኮሌጅ መግቢያን ማዘግየት

የኮሌጅ መግቢያን ማዘግየት ማለት ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት አንድ ዓመት ለሥራ፣ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት፣ ለቋንቋ ወይም ራስን ለማረጋጋት ማዋሉ ነው። በአሜሪካና በብሪታንያ «ጋፕ ይር» (የዕረፍት ዓመት) ይሉታል። በሁለተኛ ደረጃ ሳለ በልውውጥ ፕሮግራም ውጭ አገር ለተማረ ወጣት ውሳኔው ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳል፤ አንዱን ዓመት ከተለመደው መንገድ ወጥቶ አሳልፎታልና። ከዚህ በታች የሚቀርበው በዋናነት የአሜሪካ አሠራር ነው።

አመጣጥ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ልውውጥ ካስፋፉት ድርጅቶች አንዱ ኤ.ኤፍ.ኤስ. ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ቁስለኞችን በአምቡላንስ ያመላልሱ ከነበሩ አሜሪካውያን የተነሣው ይህ ድርጅት የተማሪዎች ልውውጥን እ.ኤ.አ. በ1947 ጀመረ። የአሜሪካ ኮንግረስና የጀርመን ቡንደስታግ የጋራ የወጣቶች ልውውጥም በ1983 ተመሠረተ። በሁሉም ዘንድ የተለመደው አሠራር ተማሪው በአስተናጋጅ ቤተሰብ ቤት እየኖረ የአካባቢውን ትምህርት ቤት መከታተሉ ነው።

ከኮሌጅ በፊት አንድ ዓመት ውጭ አገር ማገልገል በብሪታንያ የተለመደው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነው። በ1967 የተመሠረተው ፕሮጀክት ትረስት የመጀመሪያዎቹን ወጣት በጎ ፈቃደኞች የላከው ወደ ኢትዮጵያ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከ2009 ጀምሮ፣ ከተቀበላቸው ተማሪዎች የተወሰኑትን ያለ ትምህርት ክፍያ ለዘጠኝ ወር አገልግሎት ወደ ውጭ ይልካል። በ2016 ማሊያ ኦባማ የሃርቫርድ መግቢያዋን በአንድ ዓመት ስታራዝም ጉዳዩ የብዙ ቤተሰብ መነጋገሪያ ሆነ።

የተመላሹ ተማሪ ልዩ ሁኔታ

ከልውውጥ የተመለሰ ተማሪ ሦስት ጉዳዮችን ማመዛዘን አለበት። የመጀመሪያው የክፍል ደረጃ ነው። በማያውቀው ቋንቋ ፊዚክስና ታሪክ የተማረ ልጅ ያመጣው ውጤት በአገሩ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ላይያዝለት ይችላል። በዚህ ምክንያት ክፍል ከደገመ ከእኩዮቹ በአንድ ዓመት ዘግይቷል፤ ሌላ ዓመት ሲጨምር እነርሱ ሦስተኛ ዓመት ሲገቡ እርሱ ገና ጀማሪ ይሆናል።

ሁለተኛው የማመልከቻ ጊዜ ነው። የብዙ ኮሌጆች መደበኛ ማመልከቻ በጥር መጀመሪያ ገደማ ይዘጋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ውጭ የሚያሳልፍ ተማሪ የመምህራንን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ፈተናውንና የውጤት ማስረጃውን ከሩቅ ማሰባሰብ ይኖርበታል። ይህ ካልተሳካለት የዕረፍት ዓመቱ የማመልከቻ ዓመት ይሆናል።

ሦስተኛው የስሜት ጉዳይ ነው። ብዙ ተመላሾች በገዛ ቤታቸው ባይተዋርነት ይሰማቸዋል። በሰኔ ወይም በሐምሌ ተመልሶ በነሐሴ ወደ ኮሌጅ መኝታ ቤት የሚገባ ልጅ አንዱን ስንብት ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። ለእንዲህ ያለው ወጣት አንድ ዓመት በቤተሰቡ መካከል መቆየት ሊጠቅመው ይችላል።

ቅበላን የማራዘም አሠራር

ተማሪው ከእኩዮቹ ጋር ያመለክታል፤ ቅበላ ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሜይ 1 ቀብድ ከፍሎ ቦታውን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ለቅበላ ቢሮው ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ዓመቱ በምን እንደሚውል፣ የት እንደሚኖርና ወጪው እንዴት እንደሚሸፈን መግለጽ አለበት። «ማረፍ እፈልጋለሁ» ከሚል ይልቅ «እስከ ታኅሣሥ ሠርቼ አጠራቅማለሁ፤ ከዚያ ባስተናገደችኝ አገር ቋንቋውን አጠናክራለሁ» የሚል ደብዳቤ ተቀባይነት የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። አንዳንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ማራዘሚያ ስለማይሰጡ ተማሪው እንደ አዲስ ማመልከት ይገደዳል።

ገንዘቡ ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው፣ ማለትም ፋፍሳ፣ በየዓመቱ እንደገና ይሞላል። የኮሌጁ ስኮላርሺፕ ለቀጣዩ ዓመት መጽናቱ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት፤ ከሌላ ድርጅት የተገኘውም ሊቀር ይችላል። በዕረፍት ዓመቱ በሌላ ኮሌጅ ክሬዲት የሚያስገኝ ትምህርት የወሰደ ተማሪ እንደ ተዛዋሪ ሊቆጠርና ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠውን ድጋፍ ሊያጣ ይችላል።

የጥናት ውጤቶች

የሚድልበሪ ኮሌጅ የቀድሞ የቅበላ ዲን ሮበርት ክላጌት ያደረገው ጥናት መግቢያቸውን ያዘገዩ ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ውጤታቸው ከተገመተው የተሻለ ነጥብ እንደሚያመጡ አሳይቷል። በሌላ በኩል ቦዚክና ዴሉካ በ2005 ያሳተሙት ጥናት ኮሌጅን ያዘገዩ አሜሪካውያን ዲግሪ የማግኘት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አመልክቷል። ሁለቱ የሚያጠኗቸው ሰዎች የተለያዩ ስለሆኑ አይቃረኑም። የመጀመሪያው ቦታ ይዘው የቆዩትን ሲመለከት፣ ሁለተኛው በገንዘብ እጦት ወይም በዝግጅት ማነስ የዘገዩትንም ይጨምራል።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች

«ልጅ ከትምህርት ከወጣ ልቡ አይመለስም» የሚሉ ወላጆች ስጋት መሠረት አለው፤ ሁለተኛው ጥናት የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። ስጋቱን የሚያቃልለው በእጅ ያለ ቅበላ፣ በጽሑፍ የጸና ድጋፍና የተወሰነ የመግቢያ ቀን ነው። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ተማሪ በተጨማሪ አይ-20 በሚባለው ሰነድ ላይ ያለው የትምህርት መጀመሪያ ቀን እንዲቀየርለት ዩኒቨርሲቲውን መጠየቅ አለበት፤ የተማሪ ቪዛው ከዚያ ቀን ጋር የተያያዘ ነውና። በአገር ውስጥ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በትምህርት ሚኒስቴር ስለሚከናወን አሠራሩ ከዚህ ይለያል።

ስለዚህ ለሚያመነታ ተማሪ የሚሻለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ማመልከት፣ ቀጥሎ ቦታ መያዝ፣ ማዘግየትን መወሰን ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ቦታው ከተያዘ፣ ማራዘሚያ ከመጠየቁ በፊት ሐሳቡን ቢቀይርም በወቅቱ መግባት ይችላል።