የቤተ ሰብ ታሪክ በችሎት መዝገብ፤ በመካነ ሰላም አካባቢ የተደረገ አጭር ጥናት

የነገሥታት ታሪክ ጸሐፊ አላጣም፤ የገበሬ ቤተ ሰብ ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሽማግሌ አንደበት ነው። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢደነገግም ሳይፈጸም ቆይቶ፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ከዚያ በፊት የኖሩትን አያት ቅድመ አያቶቻችንን በጽሑፍ ከወዴት እናገኛቸዋለን? በዚህ ጥናት የምናሳየው አንዱ ምንጭ የፍርድ ቤት መዝገብ መሆኑን ነው። የምንመለከተውም አገር በደቡብ ወሎ ምዕራብ፣ ዐባይ ከጎጃም የሚለየው ቦረና፣ ከተማውም መካነ ሰላም ነው።

የገበሬ ትውልድ ስለምን በችሎት ተጻፈ ቢባል፣ ምክንያቱ ርስት ነው። በርስት ሥርዐት መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር፤ ትውልዱም በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠር ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» እንደሚባለው፣ ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ እንኳ ቆጥሮ የደረሰ ሰው ድርሻ ይጠይቃል። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶች በየደረጃቸው ሲቋቋሙ፣ ቀድሞ በአመዛኙ በቃል ይሰማ የነበረው የትውልድ ቆጠራ በክስ፣ በመልስና በምስክር ቃል ወረቀት ላይ እየሰፈረ ሄደ።

እኛም ምርምሩን የጀመርነው ከራሳችን ቤት ነው። የቤታችን ሽማግሎች ትውልድ ሲቆጥሩ ከአባት ወደ አባት ይወጣሉ፤ ሰው በአባቱ ስም ስለሚጠራም እናቶች ከቆጠራው ይወድቃሉ። ቅድመ አያታችን እኅት እንዳልነበራቸው እየተነገረን አድገናል። በአንድ የቆየ የርስት መዝገብ ግን፣ በልጅነታችን «ባላጋራ» ሲባሉ የምናውቃቸው ጎረቤቶች ወላጆች፣ ከአንዲት ሴት ተወልደናልና ድርሻችን ይሰጠን ብለው ቅድመ አያታችንን ከሰዋል። ቅድመ አያታችን በመልሳቸው ሴትየዋን አላውቃትም ይላሉ። የራሳቸው ምስክር ግን በመስቀለኛ ጥያቄ ሲጠየቅ፣ እኅታቸው መሆኗንና ተድራ ዐባይን መሻገሯን አምኗል። ፍርዱ በሌላ ምክንያት ለእኛ ወገን ሆነ፤ ባላጋራ ያልናቸው ሰዎች ዘመዶቻችን መሆናቸውን ግን ያወቅነው ከዚህ ወረቀት ነው።

ይሁን እንጂ መዝገብም በጥንቃቄ ይነበባል። ተሟጋች ትውልዱን የሚቆጥረው ለመርታት ነውና፣ የሚጠቅመውን ቅርንጫፍ ያስረዝማል፣ የሚጎዳውን ይቆርጣል። ስለዚህ ክሱና መልሱ ጎን ለጎን ሊታዩ ይገባል፤ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ስም ይጸናል፤ ምስክር የጠራውን ወገን የሚጎዳ ቃል ሲሰጥም ቃሉ ክብደት አለው። በወሎ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የእስልምና ተከታዮች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ፣ ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል እንደተባሉ ሁሉ ስማቸው የተለወጠ ሰዎች ብዙ ናቸው። እንግዲህ ሁለት ስም ስላገኘን ብቻ ሁለት ሰዎች ናቸው ብለን መቸኮል አይገባንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ የርስት ሙግት መሠረቱ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለመሬት ብሎ እስከ አቅኚው አባት የሚቆጥር የለም፤ ዛሬ በፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው የሚቆጥረው የቅርብ ዘመዱን ነው። ረጅሙን ቆጠራ የያዙት እንግዲህ አሮጌ መዝገቦችና ጥቂት ሽማግሎች ናቸው። ስለዚህ የትምህርት ባልደረቦቻችን ወደ መዝገብ ቤት ከመሄዳቸው በፊት የአቅኚውን አባት፣ የመሬቱንና የተሟጋቾቹን ስም ከሽማግሌ ጠይቀው እንዲይዙ እናሳስባለን፤ መዝገቡ የሚፈለገው በእነዚህ ነውና።

እኛም የመዝገቡን ግልባጭ ለአንድ የቤታችን ሽማግሌ አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣ ከሴትየዋ ስም ላይ ሳንደርስ እርሳቸው ቀድመው ጠሩት። የቃል ታሪክ ዐውቆ የሚተወው ነገር እንዳለ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።