የጓያ ዘመድ በእንግሊዝ ጓሮ

የጎጃምና የጎንደር ገበሬ ጓያን በሁለት ነገር ያውቀዋል፦ ዝናብ ሲጠፋ ባለመክዳቱና አዘውትሮ የበላውን ሰው እግር በማሽመድመዱ። የዚሁ እህል የቅርብ ዘመድ የሆነው ስዊት ፒ ግን እንግሊዝ አገር ሌላ ዕድል ገጠመው። ማንም አይበላውም፤ ለመዓዛው ሲባል አጥር ጥግ ይተከላል።

የትውልድ አገሩ ደቡብ ጣሊያን ነው። ፍራንቼስኮ ኩፓኒ የተባሉ የሲሲሊ መነኩሴ በ1690ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መዘገቡት፤ በ1699 ለንደን አጠገብ ኤንፊልድ ለሚኖሩት መምህር ሮበርት ኡቬዴል ዘሩን እንደላኩላቸው ይነገራል። አበባው ትንሽ ነበር፤ ላይኛው ጥቁር ቀይ፣ ታችኛው ሐምራዊ። ሽታው ግን አንድ ዘለላ ክፍሉን ሙሉ የሚያውድ ነው።

ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ብዙም ሳይለወጥ ቆየ። ከዚያ ስኮትላንዳዊው አትክልተኛ ሄንሪ ኤክፎርድ መጡ። በ1888 ዌም በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀምጠው፣ አንዱን ከሌላው እያዳቀሉ አበባውን አተለቁት፣ ቀለሙንም አበዙት፤ መዓዛውንም አላጠፉም። ለዚህ ብቻ እንኳ ሊመሰገኑ ይገባል።

በ1901 የአልቶርፕ የመኳንንት መኖሪያ አትክልተኛ ሳይላስ ኮል ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ የሚወዛወዝ ትልቅ አበባ ለንደን ላይ አሳዩ። «ካውንቲስ ስፔንሰር» ተባለ፤ ሕዝቡም አበደለት። በ1911 ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ለምርጥ የስዊት ፒ እቅፍ 1,000 ፓውንድ ሲያቀርብ ከ30 ሺህ በላይ እቅፍ ጎረፈ። አንደኛውም ሦስተኛውም ሽልማት የገባው ከአንድ የስኮትላንድ የገጠር ቄስ ቤት ነው።

የውድድር ዳኛ ግን የሚፈርደው ይበልጡን በዓይኑ ነው። መጠኑ፣ የዘንጉ ርዝመት፣ የቀለሙ ጥራት ነጥብ ሲያስገኝ አፍንጫ ተረሳ፤ ከአዲሶቹ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከቀደሙት ይልቅ ሽታቸው የሳሳ ሆነ።

መዓዛ ወዳዶች ዛሬም «ኩፓኒ» የሚለውን ባለሁለት ቀለም ዝርያ ፈልገው ይዘራሉ። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ አንዳንዶች በምላጭ ጫር ያደርጉታል ወይም ሌሊቱን ይዘፈዝፉታል። ሐረግ ነውና እንጨት ወይም ገመድ ይሻል። ሲያብብ ቶሎ ቶሎ መቅጠፍ ነው፤ ቆባ ከያዘ ማበቡን ያቆማል። ቆባው የአተር እሸት ስለሚመስል ልጆች እንዳይቀምሱት ይጠበቃል፤ እንደ ጓያ ሁሉ እሱም መርዝ አለው።