የተሰነጠቀች ቀስት፦ ከእናቴ ደጋን እስከ ልጄ ቀስት

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት የተሰነጠቀች የእንጨት ቀስት ነው። «በዚህ ዘመን ስለ ቀስት ደግሞ ምን ይወራል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የጀመረው በላግ ባዖሜር ነው። ለማያውቁት ላስረዳ፤ ከፋሲካ ሁለተኛ ቀን አንሥቶ የሚቆጠረው የዖሜር ቆጠራ 33ኛው ቀን ነው። ማታ በየሜዳው እሳት ይነዳል፣ ልጆችም ቀስት ይዘው ይጫወታሉ። ምክንያቱን አንዳንዱ ከ132 እስከ 135 ከተደረገው የባር ኮክባ አመፅ ጋር ያያይዘዋል። ሌላው ደግሞ ረቢ ሺሞን ባር ዮሐይ በሕይወት ሳሉ ቀስተ ደመና አልታየም ከሚለው ትውፊት ጋር። በዕብራይስጥ «ኬሼት» ማለት ቀስትም ቀስተ ደመናም ነው፤ እኛም ብንሆን ቃሉን ከዚያው ከቀስት ነው የወሰድነው። በዓሉን ግን አባቶቻችን በአገር ቤት አያውቁትም ነበር። አባቴ መጀመሪያ ያየው እኛ ከቋራ በመጣን ጊዜ፣ በ1999፣ ከዚያ ወዲህ ነው።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ቀስት ሲለምነኝ የፕላስቲኩን ከሱቅ መግዛት አልፈለግሁም። ሙያዬ አናጢነት ነው፣ እንዴት ተብሎ! ጎረቤት የቱት ዛፉን ሲከረክም አንድ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ለምኜ ወስጄ፣ ክረምቱን ሙሉ አድርቄ ጠረብኩለት። ጥሩ ሆና ወጣች። የበዓሉ ሌሊት ግን ልጄ አውታሯን ሳይፈታ እሳቱ አጠገብ ትቷት አደረ። በማግሥቱ ሲስባት «ቀጭ!» አለች። «አባ፣ ኒሽበር!» አለኝ፤ ተሰበረ ማለቱ ነው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ዕብራይስጡ አልገባለት፣ የልጅ ልጁ አማርኛ አልገባለት፣ ሁለቱ ብዙ ጊዜ በፈገግታ ብቻ ነው የሚነጋገሩት። ቀስቲቱን ተቀበለኝና ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ጥፍር ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። «ይህች አልተሰበረችም፣ ተሰንጥቃለች እንጂ። ሁለቱ አንድ አይደሉም» አለ። ቀጥሎም «የእናትህን ደጋን ረሳኸው?» አለኝ።

አልረሳሁትም። ደጋን ማለት ጥጥ መንደፊያው ነው፤ የታጠፈ እንጨት፣ ጅማት የተወጠረበት። እናቴ ጥጡን ዳምጣ ፍሬውን ካወጣች በኋላ ጅማቱን በጣቷ እየመታች ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች፤ ከዚያ በእንዝርት ትፈትለዋለች፣ አባቴ ደግሞ ይሸምነዋል። የለበስነው ጋቢ ሁሉ ከዚያ ደጋን ነው የወጣው። አንድ ቀን ደጋኑ ጀርባው ላይ ተሰነጠቀ። አባቴ ከፍየል ቆዳ ቀጭን ጠፍር ቆርጦ፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ እርጥቡን ስንጥቁ ላይ አጥብቆ ጠመጠመውና ጥላ ውስጥ ሰቀለው። ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንጨቱንም እንደ ብረት ቀለበት ይይዛል። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬ የጠፍሩን ጫፍ መያዝ ነበር።

አሁን ከታሪኩ በፊት ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ላስረዳ። ቀስት ሲሳብ ከተኳሹ ወዲያ ያለው ጎን፣ ጀርባው፣ ይለጠጣል። ወደ ተኳሹ ያለው ጎን፣ ሆዱ፣ ይጨመቃል። ቀስት የሚሞተው ከሁለቱ ባንዱ ነው፤ ወይ ጀርባው ከመለጠጥ ብዛት ይበጠሳል፣ ወይ ሆዱ ከመጨመቅ ብዛት ይሸበሸባል። የእኔን ቀስት የእሳቱ ሙቀት ከመጠን በላይ ስላደረቃት ጀርባዋ መለጠጥ አቃተው።

የሰው ልጅ ይህን ችግር ለመፍታት ስንት ሺህ ዓመት ደክሟል መሰላችሁ! ዴንማርክ ውስጥ ሆልመጋርድ በተባለ ረግረግ በ1944 የተገኙት ቀስቶች 9000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ ኤልም ከሚባል ዛፍ የተሠሩ ናቸው። በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5000 ዓመት በፊት የሞተው ኦትዚ የተባለው ሰው፣ ጠርቦ ያልጨረሰው ቀስት አጠገቡ ነበር። በ1545 የሰጠመችው ሜሪ ሮዝ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በ1982 ከባሕር ስትወጣ ደግሞ ከ170 በላይ ቀስቶች ተገኝተውባታል። እነዚህ ዩ ከሚባል ዛፍ የተሠሩ ናቸው። ብልሃቱ፣ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጩ እንጨት መለጠጥ ስለሚችል ጀርባ ይሆናል፣ የውስጡ ቀይ እንጨት መጨመቅ ስለሚችል ሆድ ይሆናል። ዛፉ ራሱ ሁለቱን አጣምሮ ሰጣቸው።

እንዲህ ያለ ዛፍ የሌላቸውስ? ከእንስሳ ተበደሩ። በመካከለኛው ምሥራቅና በእስያ ሜዳዎች መሐሉን እንጨት፣ ሆዱን ቀንድ፣ ጀርባውን ጅማት አድርገው ከቆዳ በተፈላ ሙጫ አጣበቁት። በ1922 በተከፈተው በቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ከተራ የእንጨት ቀስቶች ጋር እንዲህ ያሉትም ተገኝተዋል። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑይቶች ደግሞ ዛፍ ስለማይበቅልላቸው ባሕር ተፍቶት በመጣ እንጨት ሠርተው፣ ጀርባውን በተጎነጎነ ጅማት አስረው ያጠነክሩት ነበር። የኛ ጎረቤት ኑብያማ በጥንት ግብፃውያን ዘንድ ስሟ ራሱ «የቀስት አገር» ነበር። ሄሮዶቱስ ከግብፅ በስተደቡብ ያሉት፣ «ኢትዮጵያውያን» ብሎ የጠራቸው ሰዎች፣ አራት ክንድ የሚረዝም የዘንባባ ቀስት ይይዙ እንደነበር ጽፏል። በ7ኛው መቶ ዘመን ዶንጎላ ላይ የተዋጓቸው ዐረቦች ዓይን እየመቱ ስላስቸገሯቸው «ዓይን መቺዎች» አሏቸው፤ በመጨረሻም በ652 ስምምነት አደረጉ።

ይህን ሁሉ ሳስብ የአባቴ ጠፍር ገረመኝ። ልዩነት እንዳለው አውቃለሁ፤ በጀርባ ላይ በቁመቱ የሚለጠፍ ጅማት የመሳቡን ጉልበት ራሱ ይሸከማል፣ ዙሪያውን የሚጠመጠም ጠፍር ግን ስንጥቁ እንዳይነሣ ብቻ ይይዛል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ እንጨቱ ብቻውን የማይችለውን፣ የሚለጠጥ ነገር ያግዘው።

እንግዲህ አጠጋገኑን ልንገራችሁ፤ ላግ ባዖሜር በየዓመቱ ይመጣልና። መጀመሪያ አውታሩን ፍቱ። ቀጥሎ የስንጥቁን አቅጣጫ እዩ። በእንጨቱ ቁመት ከሄደ ተስፋ አለው። ጀርባውን አግድም ከቆረጠው፣ ወይም ሆዱ ላይ አግድም ሽብሽቦች ካያችሁ፣ በሙጫም በክርም አይድንም፤ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። የእኛ በቁመት ነበር። ትንሽ ለመጥ አድርጌ ስንጥቁን ከፈትኩና ቀጭን የእንጨት ኮላ እስከ ጥጉ አስገብቼ፣ በሞርሳ አጥብቄ አንድ ቀን አሳደርኩት። ከዚያ ጠንካራ የተልባ እግር ክር ኮላ እየቀባሁ፣ ዙር ከዙር ሳይራራቅ፣ ከስንጥቁ ሁለት ሁለት ጣት አሳልፌ ጠመጠምኩ። ሲደርቅ ሁለቱም ክንፎች እኩል እንዲታጠፉ ከሆዱ በኩል ጥቂት ፋቅሁ። ጀርባውን ግን በብርጭቆ ወረቀት እንኳን አትንኩት!

ከሁሉም የሚበልጠው መፈተኑ ነው። ነቢዩ ሆሴዕ ሕዝቡን በማይታመን ቀስት የመሰለው ያለ ነገር አይደለም፤ ውጪዋ ደኅና መስላ ውስጧ የተሰነጠቀ ቀስት በገዛ ባለቤቷ ፊት ላይ ነው የምትፈነዳው። በሠራዊት ሳለሁ ከሁሉ በላይ የተማርኩት «ተጠግኗል» እና «ተፈትኗል» የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ቀስቲቱን ግንድ ላይ አስሬ፣ አውታሯን በረጅም ገመድ ከሩቅ ሆኜ ጥቂት በጥቂት ስቤ አየኋት። ችላለች። ግን እንደ ድሮው ያህል እንዳትሳብ ቀይ ክር ምልክት አሰርኩባት፤ የተጠገነ ነገር የሚጠየቀው በአቅሙ ነው።

አንድ የቆየ ነገር ልጨምር። ልጅ ሳለሁ አንድ አማካሪ «አንተ የእጅ ሥራ ይሻልሃል» ብላ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ስትልከኝ እንደ ስድብ ቆጥሬው ነበር። አባቴም ያን ቀን ምንም አልተናገረም። በአገር ቤት በእጃችን ሥራ ምክንያት «ቡዳ» ሲሉን የኖረ ሰው ምን ይበል? ክሩን ስጠመጥም ግን ከጎኔ ቆሞ «ጠበቅ፣ ጠበቅ አድርገው» እያለ ሲያርመኝ፣ ትምህርት ቤቱ ከመጀመሩ በፊት ሙያው ከማን እንደመጣልኝ ገባኝ።

የክሩን ጫፍ የያዘው ማን መሰላችሁ? ልጄ ነው። አባቴ በአማርኛ ይነግረዋል፣ እሱ በዕብራይስጥ ይመልሳል፣ እጃቸው ግን ተግባባ። ያን ቀን ልጄ ሦስት ቃል ተማረ፦ ደጋን፣ ጠፍር፣ ጅማት። አሁን ማታ ማታ «ሳባ፣ ደጋን!» እያለ ታሪኩን ያስደግመዋል።

ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ ያሉትን እናቶችና አባቶች፣ ደጋናቸው ከምን እንጨት እንደተሠራና ሲሰነጠቅ በምን እንደጠገኑት ጠይቋቸው። ጽፋችሁም አስቀምጡት። እስከሚቀጥለው ሰላም ሁኑ፤ ደኅና ያገናኘን።