የከሳ ሰው እንዴት ያገግማል? ከሚኒሶታ እስከ ሀዲያ

የከሳን ሰው ማወፈር ቀላል ሥራ ይመስላል። ምግብ ካለ ይበላል፤ ከበላም ሰውነቱ ይመለሳል የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ሰው ዘንድ የጸና ነው። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ያለፈው ምዕተ ዓመት በከባድ ዋጋ አሳይቷል። በኤፕሪል 1945 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ጦር በሰሜን ጀርመን የሚገኘውን የቤርገን ቤልሰንን የእስረኞች ካምፕ ነጻ ባወጣ ጊዜ፣ በርኅራኄ የተነሣሡት ወታደሮች የራሳቸውን የታሸገና ቅባት የበዛበት ስንቅ ለእስረኞቹ አደሉ። ለወራት የተራበ አንጀት ይህን ሊሸከም አልቻለም፤ ከበሉት መካከል በምግቡ ምክንያት የሞቱ ነበሩ። ነጻነት ከመጣ በኋላ በዚያ ካምፕ በተስቦ፣ በረኃብና በሌላም በሽታ ያለፉት ሰዎች ከ13,000 በላይ ናቸው። ሰጪዎቹ ክፋት አልነበረባቸውም፤ የጎደላቸው ዕውቀት ነበር።

ያ ዕውቀት በዚያው ወቅት ከውቅያኖስ ማዶ በመፈለግ ላይ ነበር። በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቬርሲቲ የፊዚዮሎጂ ምሁር የነበሩት ዶክተር አንሰል ኪስ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ በአውሮፓ የሚጠብቀውን የረኃብተኛ ብዛት አስቀድመው በመገመት፣ የተራበ ሰው በምን ዓይነት ምግብና በምን ያህል መጠን እንደሚያገግም በሰው ላይ ፈትነው ለማወቅ ተነሡ። ለዚህም ከኅሊናቸው የተነሣ መሣሪያ አንሸከምም ካሉ ወጣቶች መካከል 36 ፈቃደኞች ተመረጡ። መኖሪያቸውም መመርመሪያቸውም በዩኒቬርሲቲው ስታዲየም ሥር በሚገኙ ክፍሎች ሆነ።

ሥራው የተጀመረው በኖቬምበር 1944 ነው። በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ሰዎቹ በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል እየተመገቡ ተመረመሩ። ቀጥለው በመጡት 24 ሳምንታት ምግባቸው ወደ ግማሽ ተቀነሰ፤ እርሱም ድንች፣ ጎመን፣ ጥቁር ዳቦና ማካሮኒ የመሳሰለው ነበር። በሳምንትም 35 ኪሎሜትር ያህል በእግር መጓዝ ግዴታቸው ነው። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ ከክብደቱ ሩቡን ያህል አጣ። ከሥጋው ይልቅ የሚያስገርመው የጠባዩ ለውጥ ነው። ተጫዋች የነበረው ዝምተኛ ሆነ፤ ስለ ፖለቲካና ስለ ሃይማኖት ሲከራከር ያመሽ የነበረው ከምግብ በቀር ሌላ ሐሳብ የማይገባው ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ወደ መሰብሰብ ያዘነበሉም ነበሩ። ከፈቃደኞቹ አንዱ ወደ ከተማ ወጥቶ ከተፈቀደው ውጭ መብላቱ ታውቆ ከጥናቱ ከተሰናበተ በኋላ፣ ማንም ያለ ጓደኛ ከግቢ እንዳይወጣ ደንብ ተደነገገ። ደንቡ የወጣው ለቁጥጥር እንጂ ለማጽናናት አልነበረም። የሆነው ሆኖ በእንዲህ ያለ ፈተና ውስጥ ያለ ሰው ብቻውን ሊቆም እንደማይችል ላቦራቶሪው ራሱ አምኖ በደንብ ማስፈሩ ነው።

ከረኃቡ ይልቅ የከበደው ማገገሙ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጁላይ 1945 መጨረሻ የመመገቢያው ጊዜ ሲጀመር ሰዎቹ በአራት ክፍል ተደለደሉ፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚታከለው ምግብ በ400 ካሎሪ ይበልጥ ነበር። ለከፊሎቹ ቪታሚን፣ ለከፊሎቹም ተጨማሪ ፕሮቲን ተሰጠ። ጥቂት የተጨመረላቸው ለሳምንታት ከሞላ ጎደል ምንም አልከበዱም፤ እንዲያውም በረኃቡ ጊዜ በአካላቸው ተጠራቅሞ የነበረው ውሃ ሲወጣ ሚዛኑ ወደ ታች የወረደባቸው ነበሩ። እየበሉ መክሳት! ብስጭታቸውና ተስፋ መቁረጣቸው በዚህ ጊዜ የባሰ ሆነ። ቪታሚኑ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም፤ ልዩነት ያመጣው የካሎሪው መጠን ነው። በመጨረሻም አንድ ጎልማሳ የጠፋውን ሰውነቱን ለመመለስ ለብዙ ወራት በቀን 4,000 ካሎሪ ያህል እንደሚያስፈልገው ተገለጸ።

የብረት ዘንግ ከመለጠጥ ወሰኑ ሳያልፍ የተጫነ እንደ ሆነ፣ ሸክሙ ሲነሣለት ወዲያው ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመለሳል። የሰው አካል እንዲህ አይደለም፤ የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው የተለየ ነው። ክትትሉ በቀጠለላቸው ሰዎች ላይ እንደ ታየው ቀድሞ የተመለሰው ስቡ ነው፤ ጡንቻው ዘግይቶ ተከተለ። ከበሉም በኋላ ራባቸው፤ ገደቡ ሲነሣላቸው ከልክ በላይ በልተው የታመሙም አልታጡም።

ጦርነቱ የእነዚህ ሰዎች ማገገሚያ ሳያልቅ አበቃ። ሁለት ቅጽ ያለው ሰፊው የጥናቱ መጽሐፍ የታተመው በ1950 ነው። በ1946 ግን ለርዳታ ሠራተኞች የሚሆን አነስተኛ መጽሐፍ ወጥቶ ነበር፤ ይዘቱም በካሎሪ ቁጥር ሳይወሰን የተራበ ሰው ስሜቱና ጠባዩ ምን እንደሚመስል የሚያስረዳ ነው። ከሁለቱ መጻሕፍት ይበልጥ ሊነበብ የሚገባው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም።

በስታዲየሙ ሥር የነበሩት ጤናማ ጎልማሶች ናቸው፤ ረኃብ አብልጦ የሚገድለው ግን ሕፃናትን ነው። ለሕፃናቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተዘጋጀው በቪታሚንና በማዕድን የዳበረ ወተት ሕይወት አዳኝ መሆኑ አያጠራጥርም። ችግሩ ውሃው ነበር። ዱቄቱ በንጹሕ ውሃ መበጥበጥ አለበት፤ ከተበጠበጠ በኋላም ጀርም ፈጥኖ ይራባበታል። ስለዚህ ሕፃኑ ለሳምንታት በመመገቢያ ጣቢያ እንዲቆይ፣ እናቱም አብራው እንድትሰነብት ግድ ሆነ። በቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያበላል? አዝመራውንስ ማን ይሰበስባል? በዚህ ምክንያት ልጃቸውን ሳያገግም ይዘው የሚመለሱ እናቶች ነበሩ፤ በተጨናነቀው ጣቢያም ተላላፊ በሽታ ይዛመት ነበር።

በ1996 አንድሬ ብሪያን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ከምግብ ኢንጂነሩ ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆነው ከወተቱ ዱቄት ከፊሉን በለውዝ ቅቤ ተኩ። ፍቺው ከምህንድስና ወገን የሚቆጠር ነው፤ እርጥበት ከሌለ ጀርም አያድግም። 92 ግራም የምትመዝነው እሽግ 500 ካሎሪ ትይዛለች፤ እሳትም፣ ውሃም፣ ማንኪያም አትሻም።

ይህ ምግብ በቤት ተይዞ ያድናል ወይ የሚለው ጥያቄ ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ሀዲያ ነው። በ2000 በደረሰው የምግብ እጥረት ጊዜ በጽኑ የተጎዱ 170 ሕፃናት ከእናታቸው ቤት ሳይለዩ እየተመላለሱ ታከሙ። ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር በ2002 ባወጡት ጥናት መሠረት 85 ከመቶ የሚሆኑት አገግመዋል፤ የሞቱት 4 ከመቶ ናቸው። በሀገራችን ይህ አሠራር ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። አራስ ሴት ገንፎና አጥሚት እየቀረበላት፣ ጎረቤት እየጠየቃት፣ ከሥራ ተገልላ ትከርማለች፤ ብቻሽን ብዪ የሚላት የለም። በ1960ዎቹ ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ያቋቋሙት የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ያዘጋጀው የሕፃናት ዱቄት «ፋፋ» መባሉም ስሙን ከቤት ቋንቋ የወሰደ ነው።

በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ይህን ሕክምና በጋራ መግለጫ ተቀበሉት። ከ2008 ጀምሮም በኢትዮጵያ አገልግሎቱ ወደ ጤና ኬላ ወረደ፤ ሥራውን የያዙትም በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። እሽጉ መድኃኒት ስለ ሆነ ለወንድም ለእኅት እንዳይካፈል እናቲቱ ትመከራለች፤ ሌሎች የተራቡ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ምክሩን መጠበቅ ከባድ ነው። በቀጠሮው ቀን ሕፃኑ ይመዘናል፤ የክንዱ ዙሪያ ይለካል። እናቲቱም በእጇ እሽጉን ይዛ በሠራተኛዋ ፊት ታበላዋለች። እንቢ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል፤ ከበላ የሳምንቱን ድርሻ ተቀብላ፣ አዝላው ወደ ቤቷ ትመለሳለች።